ሂሳብ ማስታረቅ፣ ሰው ማስታረቅ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ለዛሬው ጉባኤ ከየእምነቱ አንዳንድ አባላት ተመርጠው «እምነታችንን በየዕለቱ ኑሯችን እንዴት እንኖረዋለን?» በሚለው ጥያቄ ላይ እንዲናገሩ ተወስኗል። ከካቶሊኮች በኩል ዕጣው ለሂሳብ ክፍል ደረሰ። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ፤ እኛም ስቀናል። ከእኛ አፍ የለመዳችሁት «ደረሰኙን አምጡ»፣ «ፊርማው ጎድሏል»፣ «ቁጥሩ አይነበብም» የሚል ስለሆነ አንፈርድባችሁም።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን። በማኅበሩ የሂሳብ ክፍል የምንሠራ፣ በኮሌጅ ዲፕሎማ የተመረቅን፣ ሠላሳዎቹን ዕድሜ የያዝን፣ በአንድ ቁምስና የምናስቀድስ ሴቶች። ይህን ጽሑፍ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፍልተን አብረን አዘጋጀነው። የምታነበው አንዲቱ ብትሆንም ሐሳቡ የሦስታችን ነው፤ ጥፋቱም እንደዚያው። ጥፋት ያልነው ለትሕትና አይደለም። የምንነግራችሁ ስለ አንድ ጥፋታችን ነውና።

አስቀድመን ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እኛ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበርን። ከአንድ ሺህ ሰው ሰባት ማለት ነው። ሃያ ሴቶች ባሉት የቁጠባ ቡድን ውስጥ አንዲት ካቶሊክ ከተገኘች ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄ አይቀርልንም። «እናንተ ትጾማላችሁ?» «በግዕዝ ትቀድሳላችሁ?» «እምነታችሁ የፈረንጅ አይደለም እንዴ?» እንባላለን። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀደስ ካቶሊኮች አለን፤ እንጾማለን፤ መቁጠሪያችንንም በአማርኛና በኦሮምኛ እንደግማለን። በሱሉልታ ብርድ አብረናችሁ እንንቀጠቀጣለን፤ በቡራዩ ታክሲ ሰልፍ አብረናችሁ እንቆማለን። እምነታችንን ለማስረዳት ግን የሥርዓት ትምህርት ብዙ እንዳልጠቀመን በጊዜ ብዛት ተረድተናል። ጎረቤት ጸሎታችንን አያይም። የሚያየው ሚዛናችንን ነው፤ ብድር ስንመልስና ስናስመልስ ነው፤ የሰው ስም ሲነሣ አፋችን የሚለውን ነው።

ቤተክርስቲያናችንም ይህንኑ ታስተምራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተክርስቲያን ባወጣው ሰነድ፣ ለቅድስና የተጠራው መነኩሴና ካህን ብቻ ሳይሆን ምእመን ሁሉ፣ ያገባውም፣ ያላገባውም፣ ሠራተኛውም እንደሆነ አስታውቋል። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2018 ባስተላለፉት መልእክት ቅዱሳንን በጎረቤታችን እንድንፈልግ ጋብዘውናል፤ ልጆቿን በፍቅር የምታሳድገው እናት፣ ለቤተሰቡ እንጀራ የሚደክመው ሰው፣ ፈገግታዋ ያልጠፋው አሮጊት መነኩሲት የቅድስና መልክ ናቸው ይሉናል።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1633 በፈረንሳይ ቅዱስ ቪንሴንትና ቅድስት ሉዊዝ ድሆችን የሚያገለግሉ ሴቶችን ሰበሰቡ። በዚያ ዘመን መነኩሲት ማለት ከቅጥር የማትወጣ ማለት ነበር። ቅዱስ ቪንሴንት ግን ገዳማችሁ የበሽተኞች ቤት፣ ቅጥራችሁም የከተማው ጎዳና ነው አላቸው። በጸሎት ላይ ሳላችሁ ድሃ ቢጠራችሁ ጸሎቱን ትታችሁ ሂዱ፤ እግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዋችሁት እንጂ አልራቃችሁትም ብሎም መከራቸው።

የዚሁ የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበር ልጅ የሆኑት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን ሰሜን መጡ። እኛ አቡነ ያዕቆብ እንላቸዋለን። የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ምግብ እየበሉ ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። እስራትም ስደትም አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1860 በዛሬዋ ኤርትራ ቆላ፣ በጉዞ ላይ ሳሉ፣ በሐሩር ደክመው ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቤተክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው። ከስብከታቸው ይልቅ ልባችንን የሚነካው አኗኗራቸው ነው። ሰው መጀመሪያ እንዲያምናቸው፣ ከዚያ እንዲሰማቸው ኖሩ። መታመን መቅደም እንዳለበት ከእሳቸው ተምረናል ብለን እናስብ ነበር። አለመማራችንን ያወቅነው ባለፈው ዓመት ዓቢይ ጾም ነው።

ከደጋፊዎቻችን መካከል ለማታውቁት የቡድኖቻችንን አሠራር ባጭሩ እንግለጽ። አባላት በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ የአቅሟን ትቆጥባለች፤ ከተጠራቀመው ላይ በተራ ይበደራሉ። ገንዘቡ በብረት ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ሳጥኑ ደግሞ ቁልፍ በሌላት በአራተኛ ሴት ቤት ያድራል። አንዷ ብቻዋን እንዳትከፍተው፣ ሦስቱም ሳጥኑ ከሌለበት እንዳይከፍቱት የታሰበ ዘዴ ነው። በወር አንድ ጊዜ እኛ ሄደን የሳጥኑን ብር ቆጥረን ከመዝገባችን ጋር እናመሳክራለን።

በሱሉልታ ከሚገኙት ቡድኖች በአንዱ ሳጥኑ የሚያድረው ቅቤና አይብ እየሸጡ ልጆቻቸውን ባሳደጉ አንዲት እናት ቤት ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ በእኛ ምክንያት ስማቸው ከበቂ በላይ ተጠርቷል። የዚያን ወር ስንቆጥር በሳጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ መዝገቡ ከሚለው በ1,800 ብር አነሰ። ደግመን ቆጠርን። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርን። ያው ነው። ሃያ ሴቶች ዝም ብለው እጃችንን ያያሉ።

በዚያ ዝምታ መካከል ከእኛ አንዲቱ ወደ እኚያ እናት ዞር ብላ «እትዬ፣ ቤት ውስጥ የሚገባ የሚወጣ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው። «ሰረቁ» አላልንም። ጥያቄ ብቻ ነበር። ነገር ግን እኚያ እናት ሥራ ፈትቶ እቤት የተቀመጠ ጎልማሳ ልጅ እንዳላቸው እዚያ የተቀመጠችው ሁሉ ታውቃለች። ጥያቄያችን የት እንዳረፈ ለማንም አልጠፋም። እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። «ቤቴ የሚገባው ልጄ ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

ማታውኑ ወሬው ገበያ ደረሰ። በማግሥቱ «የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ የሴቶቹን ሳጥን ፈታ» ሆነ። እትዬ በሚቀጥለው ሳምንት ከስብሰባው ቀሩ። በሁለተኛውም ሳምንት ቀሩ። ሳጥኑን በጎረቤት ልጅ አስይዘው ላኩት። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት ስንናገረው ነው ያደግነው። ሲደርስብን እንዴት እንደሚያም ያን ጊዜ ገባን፤ እኛ ተናጋሪዎቹ ነንና ከእኛም በላይ እትዬን አሟል።

አሁን ስለ ሙያችን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ የሂሳብ ትምህርት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሂሳብ አልስተካከል ሲል ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ጥሩ ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። 54 ለመጻፍ 45 ብትጽፉ ልዩነቱ 9 ነው። 730 ለመጻፍ 370 ብትጽፉ ልዩነቱ 360 ነው፤ እሱም ለ9 ይካፈላል። ይህን ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት ተምረነዋል። በዚያች ቀን በሱሉልታ ግን ሦስታችንም አላሰብነውም። ብሩን ሦስት ጊዜ ስንቆጥር የራሳችንን መዝገብ አንድ ጊዜ አልጠረጠርነውም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ ቢሮ ቆይተን የወሩን ሂሳብ ስንዘጋ፣ ከእኛ አንዲቱ 1,800ን ለ9 አካፈለች። 200 ሆነ። ተያየን። ወዲያው የአባላቱን የቁጠባ ደብተሮች ከየቤቱ አስሰበሰብን። ከዚያ በፊት መዝገባችንን የምናመሳክረው ከሳጥኑ ጋር እንጂ ከየአባሉ ደብተር ጋር አልነበረም። በአንዲት ተበዳሪ ደብተር ላይ የመለሰችው ብድር 2,450 ብር ተብሎ ተጽፏል። በእኛ መዝገብ ላይ 4,250። እጅ ጽሑፉም የእኛ ነው። ብሩ ከቶ አልጠፋም ነበር፤ ኖሮም አያውቅ።

ያን ማታ ያደረግነውን እንደነበረ እንናገር። መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ መዝገቡን አስተካክሎ ነገሩን መርሳት ነበር። የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፈን፣ ለቡድኗ ሊቀመንበር «ልዩነቱ ተገኝቷል» ብለን ብንልክ በሂሳብ ሕግ የሚያስጠይቀን የለም። ኦዲተርም ይቀበለዋል። ልባችን ግን እሺ አላለም። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ስለነበር ቅዳሜ ዕለት ወደ ቁምስናችን ለንስሐ ሄድን። ንስሐ የየራሳችን ነው፤ ካህኑም የሰሙትን ለማንም አይናገሩም። የተመከርነውን መናገር ግን የእኛ መብት ነውና እንናገረዋለን። ለሦስታችንም የተሰጠን ምክር አንድ ዓይነት ነበር። የቤተክርስቲያን ትምህርት እንደሚለው ኃጢአት ይቅር ቢባልም ካሣው አይቀርም። ገንዘብ የወሰደ ገንዘብ ይመልሳል፤ ስም ያጠፋ ስም ይመልሳል። ስሙ የጠፋው በሰው ፊት ከሆነ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው። በወንጌልም መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው፣ ወንድሙ እንዳዘነበት ካስታወሰ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዟል።

በሙያችን ውስጥ በየወሩ የምንሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ስሙ «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ» ነው። ባንኩ የላከውን መግለጫ በአንድ በኩል፣ የእኛን መዝገብ በሌላ በኩል እናስቀምጣለን። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንፈልጋለን። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ደንብ «ባንኩ ሰረቀን» ብሎ አለመጀመር ነው። መጀመሪያ የራስህን መዝገብ እይ ይላል ትምህርቱ። ለባንክ ይህን ያህል ትዕግሥት ያለን ሰዎች ለአንዲት እናት አጣን። ማስታረቅ የሚለውን ቃል ለዓመታት በወረቀት ስንጽፈው ኖረን ትርጉሙ የገባን ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሱሉልታ ወረድን። አስቀድመን እትዬ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ስብሰባው ላይ እንዲመጡም ለመንን። መጡ። በሃያ ሴቶች ፊት ሁለቱን ቁጥሮች በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈን አሳየን። 2,450። 4,250። «ስሕተቱ የእኛ ነው። የእትዬ እጅም፣ የልጃቸውም እጅ የለበትም። ያን ቀን የጠየቅነው ጥያቄ በደል ነበር። ይቅር በሉን» አልን። ተንበረከክን።

እዚህ ላይ ታሪኩ በእልልታ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። አላለቀም። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ተነሡ። ብሩ ተገኘ፤ እሰየው። የእኔ ሁለት ሳምንት ግን የት ተጽፏል? ልጄ በዚያ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም።»

መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም። በሂሳብ መዝገብ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለም። ይቅር ብለውናል፤ በጾም ፍቺ ዕለትም ቤታቸው ጠርተውናል። ቡድናቸውን አልለቀቁም። ሳጥኑን ግን መልሰው አልወሰዱም። «ሌላ ቤት ይደር፤ እኔ ከሩቅ አየዋለሁ» ብለዋል። ሳጥኑ እስከ ዛሬ ሌላ ቤት ነው የሚያድረው። ሱሉልታ በሄድን ቁጥር የእትዬን ቤት ደጃፍ እናልፋለን፤ ያችን ጥያቄም እናስታውሳለን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ የወሩን ቆጠራ ስናደርግ መዝገባችንን ከሳጥኑ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዷ አባል ደብተር ጋር እናመሳክራለን። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ጉድለት ሲታይ የራሳችን መዝገብ ሦስት ጊዜ ሳይመረመር የማንም ሰው ስም አይነሣም፤ በጥያቄ መልክም ቢሆን። ሦስተኛ፣ የሂሳብ ክፍሉ ስሕተት ሲሠራ ስሕተቱ በተሠራበት ቡድን ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ አንብበናል። ፊታችን ቢቀላም ማንም አልሞተም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ ነገሮች እንጨምር።

አንደኛው ከሰበታ ነው። ለአርባ ሴቶች የተዘጋጀ ሥልጠና ነበር። የምሳና የትራንስፖርት ወጪው ለአርባ ሰው ተፈቅዷል። ዕለቱ ሲደርስ ፋብሪካ የሚሠሩት ፈረቃቸው አልፈቅድ ብሏቸው የመጡት 31 ሆኑ። የዘጠኝ ሰው ገንዘብ ተረፈ። አንዲት ቅን እህታችን «የመጡት ሁለት ሁለት ቦታ ይፈርሙና ብሩን ለእነሱው እናካፍላቸው፤ ድሆች አይደሉ?» አለች። ፈተና ሁልጊዜ ሌባ መስሎ አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ ርኅራኄ ለብሶ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሁላችንንም ያሳደገ ነው፤ ለድሃ ሲሆን ደግሞ ኃጢአትም አይመስልም። እኛ ግን ያልመጣች ሴት ስም ፈርመን ለመጣች ሴት ብንሰጥ፣ የሰጠናት ብር ብቻ አይደለም፤ ውሸታችንንም ነው፤ የእሷም ፊርማ በውሸቱ ላይ አለበት። 31 ብለን ጻፍን። ለደጋፊያችን ደብዳቤ ላክን፤ በተረፈው ገንዘብ ለቀሩት ዘጠኝ ሴቶች እሑድ ከሰዓት ሥልጠና እንድንሰጥ ተፈቀደልን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ እዚህ ላይ በድፍረት አንድ ነገር እንበል። እውነት ሁልጊዜ እንዲህ አትካስም። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሥራ፣ ያልወጣ ገንዘብ አልወጣም ብለን በመጻፋችን «ማኅበሩ በጀት የመጠቀም ዐቅም የለውም» ተብሎ የሚቀጥለው ዓመት ድጋፍ ተቀንሶብናል። ማን እንደሆነ አንናገርም። የምንለምናችሁ ይህን ነው፦ «ተረፈ» ብለን ስንጽፍላችሁ እንደ ስንፍና አትቁጠሩብን። እውነቱን የጻፈ ሲቀጣ፣ ቁጥሩን የሞላ ሲመሰገን፣ ድሃዋ ሴት ምን እንደምትማር አስቡልን።

ሁለተኛው ከቡራዩ ነው። አንዲት እህታችን ዳቦ ጋግራ ለመሸጥ 6,000 ብር ተበድራ ነበር። ባለቤቷ በባጃጅ አደጋ እግሩ ተሰብሮ ተኛ። ሁለት ወር ክፍያ አለፋት። በደንባችን ቅጣት አለ። እኛ ወደ ቤቷ ሄደን፣ ያለችበትን አይተን፣ ቅጣቱን ዝም ብለን ከመዝገብ ልንሰርዝላት አሰብን። ከዚያ ግን ገንዘቡ የማን እንደሆነ ራሳችንን ጠየቅን። ገንዘቡ የእኛ አይደለም፤ እንጀራ ሸጠው፣ ልብስ አጥበው፣ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የቆጠቡ የአሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነው። በሰው ገንዘብ መማር ቀላል ነው። ስለዚህ ነገሩን ለቡድኗ አቀረብን። አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ተነጋገሩ። ቅጣቱን ራሳቸው ማሩላት፤ መክፈያውን በሦስት ወር አራዘሙላት፤ ከማኅበራዊ ፈንዳቸውም ለመድኃኒት ሰጧት። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተፈረመበት። እኛ በስውር ብንሰርዝላት ኖሮ የእኛ ባለዕዳ ትሆን ነበር። አሁን ግን አሥራ ዘጠኝ እህቶች እንዳሏት አወቀች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው።

እነዚህን ስናነሣ ለሂሳብ ሠራተኛ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስል ይሆናል። አይደለም። እያንዳንዳችሁ መዝገብ አላችሁ። በርበሬ የምታስፈጩ እህቶች የሸክላ አፈር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ ሲባል በዜና ሰምታችኋል። ቅቤ የምትሸጡ ሙዝ ስለሚቀላቅሉ ሰዎች ሰምታችኋል። እናንተ ንጹሑን ስትሸጡ ትርፋችሁ ያንሳል፤ ገበያተኛም በዋጋ ይከራከራችኋል። ያች የቀረችባችሁ ትርፍ መባ ናት ብለን እናምናለን። በእሑድ ቅዳሴ ወደ መሠዊያው የሚቀርበው ኅብስትና ወይን የሰው እጅ ሥራ ነው። ሰኞ በሚዛናችን ላይ የሠራነው እዚያ አብሮ ይቀርባል።

በቤተክርስቲያናችን የሕሊና ምርመራ የሚባል ልማድ አለ። ከመኝታ በፊት ቀኑን መለስ ብሎ ማየት ነው። እኛ ሂሳብ ከመዝጋት ጋር አዛምደን በሦስት ጥያቄ እናደርገዋለን። ዛሬ ምን ተቀበልን? ከእግዚአብሔርም ከሰውም የተቀበልነውን አስበን እናመሰግናለን። ዛሬ ምን ሰጠን? ጊዜም፣ ጥሩ ቃልም፣ ዝምታም ይቆጠራል። ዛሬ የማን ዕዳ አለብን? እዚህ ላይ ስም እንጠራለን፤ ነገ ሄደን የምንከፍለው ስም። ጠቅላላው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛው ጥያቄ ባዶ የሚሆንበት ማታ ግን ጥቂት ነው።

የካቶሊኮች ጠባቂ ቅዱሳን ብዙ ናቸው፤ የሂሳብ ሠራተኞች ጠባቂ ወንጌላዊው ቅዱስ ማቴዎስ ነው። ቀራጭ ነበር፤ የሚጠላ ሰው ነበር። ጌታ ያገኘው በቤተ መቅደስ አልነበረም፤ በቀረጥ መቀበያው፣ በመዝገቡና በብሩ መካከል ተቀምጦ ነው። ይህ ያጽናናናል። እግዚአብሔር እኛንም ሊያገኘን ሲመጣ የሚመጣው እዚያው ሥራችን ላይ፣ ምናልባትም 2,450 ተብሎ መጻፍ የሚገባውን 4,250 ብለን በምንጽፍበት ሰዓት ነው።

የኦርቶዶክስ እህቶቻችን ከነፍስ አባታችሁ፣ የወንጌላውያን እህቶቻችን ከመጽሐፋችሁ፣ ሙስሊም እህቶቻችን ስለ አማና ከምትማሩት ትምህርት ይህንኑ ነገር በራሳችሁ ቋንቋ ታውቁታላችሁ። እኛ አዲስ ነገር አላመጣንም። የጠየቃችሁን እምነታችንን በኑሮ እንዴት እንደምንኖረው ነበር። ብዙ ጊዜ እየሳትን፣ ስሕተታችንን ጮክ ብለን እያነበብን፣ የበደልናትን እህት ደጅ እየመታን ነው የምንኖረው።

እትዬ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ይህን ጽሑፍ አስቀድመን አንብበንላቸው እንድንናገረው ፈቅደውልናል። አንድ ማስተካከያ ብቻ አዘዙን። «ልጄ ሥራ ማግኘቱን ጨምሩበት» አሉ። ጨምረናል። ልጃቸው ሥራ አግኝቷል።

እግዚአብሔር ቤታችሁን፣ እጃችሁንና ሚዛናችሁን ይባርክ።